በእናትነት የቆምኩበት ሰርግ

እኛ ሐበሾች በምንኖርበት የአፓርታማ ግቢ መጀመሪያ ክሬዲት ካርድ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ዛሬ ይህን ስናገር የሚስቁ አሉ፤ ልጆቻቸው ኮሌጅ ሳይገቡ ቦርሳቸው በካርድ ተሞልቷል። ያኔ ግን፣ በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ፣ በሱዳን በኩል አትላንታ የገባን ሰዎች ባንክ ቤት ለመግባት እንኳ እንፈራ ነበር። የደሞዝ ቼካችንን መጠጥ መሸጫ ሱቅ ወስደን፣ ባለሱቁ የራሱን ቆርጦ ይመነዝርልናል፤ የተረፈውን ፍራሽ ሥር እናስቀምጣለን። ካርድ ማለት ለአብዛኞቻችን ሥራ ስንገባ ደረት ላይ የምንሰካው ፎቶ ያለበት ነገር ነበር።

እኔን ካርድ ያስወጣችኝ አንዲት አሜሪካዊት ናት። ተቀብሎ ያቋቋመን ቤተ ክርስቲያን አባል ነበረች፤ ሽበቷን ቀለም የማትቀባ፣ ነገር የማታለባብስ ሴት። «እዚህ አገር የሚታመነው ተበድሮ የመለሰ እንጂ ተበድሮ የማያውቅ አይደለም» አለችኝ። አንድ ትልቅ ሱቅ ወስዳ የሱቁን ካርድ ፎርም አስሞላችኝ። በካርዱ ሁለት የትራስ ልብስ ገዛሁ። ሂሳቡ በፖስታ ሲመጣ ሙሉውን ከፈልኩ። በሚቀጥለው ወር ፎጣ ገዝቼ ከፈልኩ። እንዲህ የማያስፈልገኝን እየገዛሁ ሳላስተርፍ ስከፍል ከረምኩና ባንኩ ራሱ ሳልጠይቀው ካርድ ላከልኝ፤ ብዙም ሳይቆይ ሌላ ባንክ ጨመረልኝ።

ይህን ሁሉ ያደረግኩት ለቤት ነው። አገሬን ለምን እንደለቀቅኩ እዚህ አልጽፍም፤ ብዙ ሰው የራሱን ታሪክ ፈጥሮልኛል፣ እሱ ይበቃዋል። ከለቀቅኩ ወዲህ ግን የራሴ በር ኖሮኝ አያውቅም። ካርቱም ውስጥ የምተኛው በሴቶች በታጨቀ ክፍል ውስጥ ነበር፤ አትላንታ ስገባ ደግሞ የማላውቃቸው ባልና ሚስት ሳሎን ነበር የተቀበለኝ። በኋላ አንድ መኝታ ቤት ያለው አፓርታማ ተከራየሁ። እሱም ቢሆን አስተዳዳሪው በፈለገው ሰዓት በቁልፉ ከፍቶ የሚገባበት ነው። አንድ ቀን በምሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ አብራኝ የምትሠራ አሜሪካዊት በመኪናዋ ከከተማው ወጣ ብላ እስካለችው ስማይርና ድረስ ወሰደችኝና ትናንሽ ኮንዶዎች አየሁ። ከምድር ቤቶቹ አንዱ በቀጥታ ወደ ደጅ የሚከፈት በር ነበረው፤ ከደጁ ፊት ለፊት አበባ ያወጣ ዛፍ ቆሟል። «ይህን የሚገዛው ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብዬ ጠየቅኳት። «እንደኔና እንደ አንቺ ያለ ነዋ፤ ክሬዲቱ ንጹሕ ከሆነ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የምሠራው ለዚያ በር ነበር።

ልጅቷ የመጣችው በዚህ መሃል ነው። «ልጅቷ» እያልኩ ነው የምጽፈው፤ የሚያውቃት ሰው ሲያነብ ያውቃታል። ከካርቱም ብቻዋን መጣች፤ ያመጣት ድርጅት ቤት እስኪያገኝላት ለጥቂት ሳምንት አሳድሪያት ተባልኩ። ሳምንቱ ከሁለት ዓመት በላይ ሆነ። ሶፋዬ ላይ ትተኛለች፤ ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች። ከእኔ ቀድማ ነበር ቤት የምትገባው። ከሥራ ስመለስ ከመንገድ ላይ ቀና ብዬ ሳይ መስኮቴ ላይ መብራት በርቶ አገኛለሁ። ጥሩ ነበር። ከዚህ በላይ አልልም።

ከአንድ ወጣት ጋር ተዋወቀች። መኪና ማቆሚያ ቦታ የሚሠራ፣ ግማሽ በአማርኛ ግማሽ በእንግሊዝኛ የሚያወራ፣ ሁልጊዜ የሚከፍተው ቢዝነስ ያለው ልጅ ነበር። በደንቡ መሠረት ሽማግሌ ላከ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ አገር ቤት በትልቅ ሥልጣን ላይ የነበሩ፣ እዚህ የመጋዘን ዘበኛ ሆነው እንኳ ከራቫታቸውን ያልተዉ ሰው ናቸው። ሳሎኔ ገብተው ተቀመጡና ጉሮሯቸውን ጠራረጉ።

«የልጅቷ ወላጅ ማን ነው?» አሉ።

«እናቷ ጎንደር ናቸው። አባቷ ሞተዋል» አልኩ።

«እዚህስ?»

ልጅቷ መኝታ ቤቱ በር ጋ ቆማ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«እዚህ እኔ አለሁ» አልኩ።

«እንግዲያውስ እናቷ አንቺ ነሽ። ልጅሽን ለልጃችን ብለን መጥተናል።»

በደንቡ ወዲያው እሺ አይባልም፤ «አስቤ መልስ እሰጣችኋለሁ» ብዬ ቀን ቀጠርኩላቸው። ልጁ ይህን ሲሰማ እየሳቀ ወደ ሥራ ቦታዬ ስልክ ደወለ፤ «እትዬ፣ ኢሚግሬሽን በቀጠሮ አመላልሶኛል፤ እርስዎም ይጨመሩ?» አለኝ። ሳቅኩ። ያኔ ያስቀኝ ነበር። በሁለተኛው ቀጠሮ ልጅቷን ሰጠኋቸው።

አንድ ቅዳሜ ሁለቱም ኩሽናዬ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ዝም ብለዋል፤ ዝም ሲሉ የሚፈልጉት ነገር እንዳለ አውቃለሁ።

«እትዬ» አለ ልጁ፣ «የአዳራሹ ሰውዬ ቀኑን የምይዝላችሁ በካርድ ነው አለን። ዲፖዚት።»

«ካርድ አላችሁ?»

«የለንም። ከእርስዎ በቀር ማን አለው?»

«ገንዘቡስ?»

የመለሰችልኝ ልጅቷ ናት። «ሳጥኑ ሲከፈት» አለች።

ሳጥኑ ያለችው ይህ ነው፤ በዚያ ዘመን የአትላንታ ሐበሻ ሰርግ ላይ ዕቃ ይዞ የሚመጣ የለም። መግቢያው ላይ በነጭ ወረቀት የተሸፈነ ሳጥን ይቀመጣል፤ እንግዳው ሁሉ ገንዘብ በፖስታ አድርጎ ይከትበታል። ሰርጉ የሚከፈለው ከዚያ ነው። ሁሉም የሚያውቀው ነገር ነው፤ እኔም ለሌሎች ስከት ኖሬያለሁ።

«እርስዎ በካርድዎ ቻርጅ ያድርጉልን» አለ ልጁ፣ «ሳጥኑ በተከፈተ ማግስት ፔይ ኦፍ እናደርገዋለን። አንድ ወር አይሞላውም፤ ወለድ የሚባል ነገር አይነካዎትም።»

በአዳራሹ ተጀመረ። ቀጥሎ የሙሽራዋ ቀሚስ ሆነ፤ ቀጥሎ የሚዜዎቹ። ኬኩ ደረጃ ያለው፣ መሃሉ ላይ ውኃ የሚፈስበት መሆን ነበረበት። ከዚያ ነጭ ሊሞዚን መጣ።

«ቤተ ክርስቲያኑ ማዶ አይደለም እንዴ? ሊሞዚን ለምን?» አልኩት።

«ኧረ እትዬ! ቪዲዮው አገር ቤት ሊላክ ነው። እናቷ ‹ልጄ በእግሯ ተዳረች› ይበሉ?»

ዛሬ ካርድ ሲሰጡት ድምፅ የለውም። ያኔ ባለሱቁ ካርዱን ብረት ላይ አስተኝቶ፣ ካርቦን ያለበትን ወረቀት ከላይ አድርጎ፣ እጀታውን ወዲያና ወዲህ ይገፋዋል፤ ስሜ ወረቀቱ ላይ ጎብጦ ይወጣል። ከዚያ እስክሪብቶ ይሰጠኛል። በየሱቁ ሙሽራዋ መስታወት ፊት ስትዞር እኔ ባንኮኒው ላይ ጎንበስ ብዬ እፈርም ነበር። አንዱ ካርድ ሲሞላ ሁለተኛውን አወጣሁ። ሁሉም ሲደመር ከሦስት ሺህ ዶላር በላይ ሆነ። ያኔ የአረጋውያን ገላ እያጠበ የሚኖር ሰው ይህን ያህል ለማግኘት ስንት ወር እንደሚሠራ የሠራ ያውቀዋል።

በሰርጉ ቀን በእናት ወንበር ተቀመጥኩ። ልጅቷ ከነቀሚሷ ተንበርክካ ጉልበቴን ሳመች። «እማዬ» አለችኝ፤ እስከዚያ ቀን «እትዬ» ነበር የምትለኝ። መረቅኳት። ረጅም አድርጌ ነው የመረቅኳት፤ ሰውም «አሜን» እያለ ተከተለኝ። ቪዲዮው ላይ አለ።

ሳጥኑ የተከፈተው የልጁ ዘመድ ቤት ነው። እኔ አልተጠራሁም። ሳምንት ጠበቅኩ፤ የካርዶቹ ሂሳብ በፖስታ መጣ። ደወልኩ።

«እትዬ፣ ትንሽ ጊዜ ይስጡን» አለ ልጁ። «ነዳጅ ማደያ የሚከራይ ተገኝቶ ነው። እድል ነው፤ ሁለተኛ አይመጣም። ስጦታው እዚያ ገባ።»

«ሁሉም?»

«ቢዝነስ ነው እትዬ። ዞሮ ይመጣል። እስከዚያ ሚኒመሙን እኛ እንከፍላለን።»

ሚኒመም የሚባለውን ነገር የማያውቅ ካለ ላስረዳ። በየወሩ ካርዱ «ቢያንስ ይህን ክፈል» ይላል። ትንሽ ናት፤ ደግ ትመስላለች። ወለዱን እንጂ ዕዳውን ግን አትነካውም። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ልጅቷ በፖስታ አድርጋ እያመጣች ሰጠችኝ፤ ሶፋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች፣ ሻይ ትጠጣለች፣ ትሄዳለች። ቀጥሎ በስልክ «በሚቀጥለው አብረን እንሰጥዎታለን» ሆነ። ቀጥሎ ወደ ማሪዬታ ተዛወሩ፤ ስልኩን የሚያነሳ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ሚኒመሙን የምከፍለው እኔ ሆንኩ፤ ሁለት ጊዜም ዘግይቼ ከፈልኩ።

ስማይርና ያየሁት ኮንዶ ለሽያጭ የወጣው በዚህ ጊዜ ነው። ያችው የሥራ ባልደረባዬ ሮጣ መጥታ ነገረችኝ፤ የኮንዶው ባለቤት አሮጊት ሞታ ልጆቿ በቶሎ ሊሸጡት ፈልገዋል። ቅድሚያ ክፍያውን አጠራቅሜ ነበር፤ ሳጥኑም ሰርጉም ያልነኩት ገንዘብ እሱ ብቻ ነው። የአዘቦት ቀን ልብሴን ትቼ ባንክ ሄድኩ። ብድር የምትሰጠው ሴት ወጣት ነበረች፤ የክሬዲት ወረቀቴን ገልጣ ረጅም ጊዜ አየችው።

«በጣም ጥሩ ነበርሽ» አለችኝ፣ «እስካለፈው ዓመት ድረስ። ካለፈው ዓመት ወዲህ ሁለቱም ካርድ እስከ አፉ ሞልቷል። ምን ተፈጠረ?»

«ሰርግ ነበር።»

«የማን?»

እንዴት ብዬ ነው በእንግሊዝኛ የማስረዳት? «የልጄ» አልኩ።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለችኝና ፋይሉን ዘጋችው። ከዚያ ግን አዘነችልኝ መሰለኝ፣ «የሁለቱን ካርድ ዕዳ በዚህ ወር ውስጥ ከዘጋሽ እንደገና አየዋለሁ» አለችኝ። አንድ ወር ሰጠችኝ ማለት ነው። የሟቿ ልጆችም እስከዚያ ሊጠብቁኝ ተስማሙ።

በሁለት አውቶቡስና በአንድ ታክሲ ማሪዬታ ሄድኩ። አዲስ ምንጣፍ ያለው አፓርታማ ነበር። ልጅቷ አርግዛለች፤ አልነገሩኝም ነበር። ነገሩን ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው አስረዳኋቸው፤ ቤቱን፣ ባንኩን፣ ወሩን። ግማሹን እንኳ ቢሰጡኝ ሌላውን ካጠራቀምኩት ላይ እሞላዋለሁ አልኩ።

ልጁ ራሱን ነቀነቀ። «እትዬ፣ ሰርግ የደገሰ ሰው ተመልሶ ሂሳብ ያወጣል?»

«እኔ አልደገስኩም። አበደርኩ።»

«በሰው ሁሉ ፊት በእናት ወንበር የተቀመጡት ማን ናቸው?»

ወደ ልጅቷ ዞርኩ። ሆዷ ላይ እጇን አድርጋ ምንጣፉን ታያለች።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አልኳት።

«እናቴ ብትሆን ትጠይቀኝ ነበር?» አለችኝ። «አይመስለኝም።»

ወጣሁ። አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ የሸኘኝ የለም።

ወገን እንደሌለው ሰው አንድ ነገር አስቤ ነበር፤ ፍርድ ቤት። ትንንሽ ገንዘብ የሚታይበት ችሎት እንዳለ የሥራ ባልደረባዬ ነግራኛለች፤ አንድ ወረቀት ሞልቶ መክሰስ ይቻላል። ይህን ለአንዲት ሴት ነገርኩ፤ ያች ሴት ለሁሉም ነገረች። ከሁለት ቀን በኋላ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በሬ ተንኳኳ። ያው ባለከራቫታው ሽማግሌና ሁለት ሰዎች ናቸው።

«ግቡ፣ ተቀመጡ» አልኩ።

«አንቀመጥም» አሉ ሽማግሌው። «የመጣንበትን እሺ ካላልሽን አንቀመጥም፤ ውኃም አንቀምስም።»

የአገራችን ሰው ይህን ያውቀዋል። ሽማግሌ ቤትህ ውስጥ ቆሞ እምቢ ማለት አይቻልም። በጎረቤት ልጅ ዕድሜ ያሉ ቢሆኑ እንኳ ከባድ ነው፤ እኚህ ደግሞ ጉልበታቸው የሚያማቸው፣ በከዘራ የሚሄዱ ሰው ናቸው። ከሶፋው ፊት ለፊት ቆሙ።

«ሐበሻ ሐበሻን አሜሪካ ፍርድ ቤት ሲከስ የመጀመሪያዋ አንቺ ልትሆኚ ነው?» አሉ።

«ጋሼ፣ ገንዘቤን ይመልሱልኝ። የመክሰስ ሱስ የለብኝም።»

«ልጅቷን የሰጠሽን አንቺ ነሽ። እናቷ ነኝ ብለሽ። እናት ልጇን ከዳረች በኋላ ሂሳብ ትልካለች?»

«እናት ካርድ የላትም! ጋሼ፣ ያኔ እናት ማን ናት ሲሉኝ ‹እኔ አለሁ› አልኩ እንጂ ‹እኔ ከፋይ ነኝ› አላልኩም። ቤት ሊያመልጠኝ ነው። አንድ ወር ነው ያለኝ።»

«ቤት ሌላም ይገኛል። ልጅቷ ነፍሰ ጡር ናት። ስታለቅስ ነው የምትውለው። ሽሉ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ…»

ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሱትም። ከሦስቱ አንዱ ሲያስል ሰማሁ። የሽማግሌው ከዘራ መንቀጥቀጥ ጀምሯል፤ ወይ ጉልበታቸው አሟቸው ነው፣ ወይ እያወቁ ነው፤ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። እኔም ቆሜያለሁ፤ ሁላችንም በዚያች ጠባብ ሳሎን ውስጥ ሊፍት ውስጥ እንዳሉ ሰዎች ቆመናል።

«እሺ» አልኩ።

«ምን እሺ?»

«እሺ፤ ትቻለሁ።»

«የሰርግ ስጦታ ይሁንላት በይ።»

«ይሁንላት።»

ተቀመጡ። መረቁኝ፤ የሆነ ያልሆነውን ሁሉ ተመኙልኝ፤ ቤትም ጨምረው። ሻይ አፈላሁላቸው። ሽማግሌው ሲወጡ «ዛሬ ትልቅ ሰው መሆንሽን አሳየሽ» አሉኝ። ሽማግሌው ይቅር ያስባሉኝ ልጅቷን ነው፤ ባንኩ ጋ ግን ሽማግሌ የሚልክልኝ አልነበረም። ወሩ አለቀ። ኮንዶውን አንድ ብቸኛ ወንድ ገዛው ብላ ባልደረባዬ ነገረችኝ፤ ዛፉንም ቆርጦ ጣለው አሉ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ለመጻፍ የሚሆኑ አይደሉም። በሳምንቱ ቀናት መጦሪያው ውስጥ እሠራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ አንድ ሆቴል ምድር ቤት አንሶላ አጥባለሁ። ካርዶቹን ቆርጬ ጣልኳቸው፤ ዕዳቸው ግን አስራ ስምንት ከመቶ እየወለደ ቀጠለ። ለቤት ያጠራቀምኩትን ቅድሚያ ክፍያ ግን አልነካሁም። እሁድ ስለምሠራ ቅዳሴ ቀረሁ። ቅዳሴ ስለቀረሁ «ተቀይማለች» ተባለ። የተጠራሁበት ቤት ስሄድ ሰው ፊት ለፊቴ ስለ ገንዘብ ማውራት ያቆማል፤ እኔን ላለማስቀየም ይሁን ብድር እንዳልጠይቃቸው ፈርተው አላውቅም። ቀስ በቀስ መጥራትም ተዉ። ቤቴ ስልክ የሚደውለው የካርዱ ድርጅት ሠራተኛ ነበር፤ ክፍያው አንድ ቀን ካለፈ ይደውላል። ስሜን እያጣመመ ይጠራዋል፤ ጤንነቴን ይጠይቃል፤ ከዚያ ወደ ገንዘቡ ይገባል። ሳምንቱን ሙሉ ስሜን የጠራኝ እሱ ብቻ የሆነበት ጊዜ ነበር። ሶፋውን ለመሸጥ ሁለት ሦስት ጊዜ አስቤ ትቼዋለሁ፤ ለመጣል ከባድ ነበር፣ የሚሸከምልኝ ሰው አልነበረም።

ዕዳውን ከፍዬ የጨረስኩ ቀን ሥራ ገባሁ፣ ወጣሁ። የምነግረው ሰው ስላልነበረ ለአሜሪካዊቷ ባልደረባዬ ነገርኳት፤ ከረሜላ ከማሽን ገዝታ ሰጠችኝ።

በዚያው ሰሞን ልጅቷ ደወለች። ድምፅዋ ደስ ብሎታል፤ በመሃል እንግሊዝኛው በዝቷል፣ «እርስዎ» የሚለው ግን አልተዋትም።

«እማዬ፣ ሮዝዌል ቤት ገዛን! እሁድ ይመረቃል። እርስዎ ካልመጡ አይሆንም።»

ለምን እንደሄድኩ የሚጠይቁኝ አሉ። ቤቱን ለማየት ነው የሄድኩት።

ያኔ አሮጌ መኪና ነበረችኝ፤ ራሴ ነድቼ ሄድኩ። ጫማ በር ላይ ይወለቃል። ልጅቷ ክንዴን ይዛ ቤቱን አዞረችኝ፤ በቁልፍ ሲጫኑት ራሱ የሚከፈት ጋራዥ፣ ለሦስት ሰው ሦስት መታጠቢያ ቤት፣ ሕፃኑ የሚተኛበት የእኔን ሳሎን የሚያህል ክፍል። ሕፃኑ አራት ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ እኔን ሲያየኝ እናቱ ቀሚስ ውስጥ ተደበቀ። «አያትህ ናት እኮ፣ ሳማት!» አለችው። እንቢ አለ። ቢያንስ እሱ አልዋሸም።

ቄሱ ጠበል ረጭተው ጨረሱ። ሳሎኑ በሰው ሞልቷል። ያው ሽማግሌ፣ አሁን ይበልጥ አርጅተው፣ ከወንበራቸው ሳይነሱ እጃቸውን አነሱ።

«በሉ እንግዲህ» አሉ፣ «እናት እያለች እኛ አንቀድምም። እናት ትመርቅ።»

ሰው ሁሉ ተነሣ። መዳፎች ሁሉ ወደ ላይ ተዘረጉ። ልጅቷ በአዲሱ ምንጣፍ ላይ ተንበረከከችና ጉልበቴን ያዘች። «አሜን» ለማለት የተዘጋጁ ከንፈሮች አየሁ። መናገር የምችለውን ያህል ምርቃት አውቃለሁ፤ በልጅነቴ ሲመረቅ ሰምቼ ያደግኩት ነው፣ አንደበቴም ላይ ነበር። አልወጣም አለ። ይበልጥ እውነት የሚሆነው፣ እኔ አላወጣሁትም።

«ሌላ ሰው ይመርቅ» አልኩ። እጇን ከጉልበቴ ላይ አነሳሁና ወደ በሩ ሄድኩ። ጫማዬን ሳደርግ ሕፃኑ ከኋላዬ በእንግሊዝኛ «ምን ሆነች?» ሲል ሰማሁ።

መኪናዬን ሳልከፍት ባልየው በካልሲው እየሮጠ ደረሰብኝ።

«እትዬ! በሰው ሁሉ ፊት እንዲህ ያዋርዱናል?»

«ምን አልኩ? ምንም አላልኩም።»

«እሱን ነው የምልዎት! ያ ሰርግ ነው አይደል? አሁንም ያ ሰርግ ነው?» የቼክ ደብተሩን ከኋላ ኪሱ አወጣ። «ስንት ነበር? አሁኑኑ እጽፋለሁ።»

«ታውቀዋለህ።»

አወቀው። ሳያስብ፣ ሳይጠይቀኝ፣ መኪናዬ ጣሪያ ላይ አድርጎ ጻፈው። ከእነ ሳንቲሙ ነው የጻፈው። ይህን ሁሉ ዓመት አስታውሶት እንደኖረ ያኔ ገባኝ፤ ከገንዘቡ ይልቅ ይህ ነው ያቃጠለኝ።

«ይኸው። አሁን ይግቡና ይመርቋት። እያለቀሰች ነው።»

ቼኩን አንብቤ አጠፍኩት። «ወለዱስ?» አልኩት።

«እትዬ በእግዚአብሔር! እናት ወለድ ትጠይቃለች?»

«የጠየቀው ባንኩ ነው። ከፍዬዋለሁ።»

«እሺ ይግቡ።»

ቼኩን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። «ይህ የሰርጉ ነው» አልኩት። «ለዛሬው ምንም አልከፈልከኝም፤ እኔም የምሸጠው የለኝም።»

«እንግዲያውስ ቼኩን ይመልሱልኝ!»

መኪናውን አስነሣሁ። በመስታወቱ ሳይ በካልሲው መንገዱ ዳር ቆሞ ነበር።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ ባንክ አስገባሁት። ባንኩ ቼኩን እንዳይከፍል ያስቆመዋል ብዬ ስፈራ ሰነበትኩ፤ አላስቆመውም። ይህን ለእውነት ስል እጽፋለሁ፤ ሌላ ምስጋና የለኝም። በከተማው የተወራው ግን፣ እናንተም እንደሰማችሁት፣ «ምርቃት ከልክላ ገንዘብ ተቀበለች» ነው። «ለሽማግሌ ትቻለሁ ያለችውን መልሳ ወሰደች» ነው። ሽማግሌው እስኪሞቱ ድረስ ሰላም አላሉኝም። ቀብራቸው ላይ ከኋላ ቆሜ ነበር። ያወሩት ሁሉ በዚያ እሁድ ሮዝዌል ያልነበሩ ናቸው፤ የነበሩትማ ምን እንዳዩ የሚጠይቃቸው ሲያጡ ዝም አሉ።

በዚያ ቼክና ባጠራቀምኩት ቅድሚያ ክፍያ ኮንዶ ገዛሁ። ስማይርና ነው፤ የበፊቱ ግቢ ግን አይደለም፣ መኪና የሚበዛበት መንገድ ዳር ያለ ነው። ብድሩን የሰጠኝ ሌላ ባንክ ነበር፤ የክሬዲት ወረቀቴን ያየው ሰውዬ አንድ ጥያቄ እንኳ አልጠየቀኝም። በሩ ወደ ደጅ ይከፈታል። ቁልፉ ሁለት ነው፤ ሁለቱንም እኔ ይዣለሁ።

ቄስ አልጠራሁም። ሰውም አልጠራሁም። ማንን ልጥራ? የገባሁ ቀን፣ ሶፋውን አፓርታማው ውስጥ ትቼ፣ ቀሪ ዕቃዬን ሁለት የሆቴሉ ሠራተኞች በክፍያ አግዘውኝ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። የጎን ጎረቤቴ ናት፤ ከእኔ የምትበልጥ አሜሪካዊት፣ በፎይል የተሸፈነ ሳህን ይዛለች። «እንኳን ደህና መጣሽ» ብላ በትከሻዬ ላይ አሻግራ ወደ ውስጥ አየች፤ አንድ ወንበርና ያልተፈቱ ካርቶኖች።

«ቤተሰብሽስ?» አለችኝ።

«ሥራ ላይ ናቸው» አልኳት።

«ብዙ ሰው ይኖራል ብዬ ትልቁን ነው የጋገርኩት።»

አመስግኜ ተቀበልኳት፤ በሩን ዘጋሁ፤ ቆለፍኩት። ኬኩ ፖም ያለበት ነበር። ፍሪጁ ገና ስላልሠራ ቶሎ መበላት ነበረበት፤ ቆሜ ቆርጬ በላሁ፣ ከሥራ ስመለስም ቆሜ በላሁ፤ ሲደርቅ ሻይ ውስጥ እየነከርኩ ጨረስኩት፣ ሳህኑንም አጥቤ በሯ ላይ አስቀመጥኩላት።